ይታይሽና የፈላው ውሃ

ይታይሽ ማረፏን የሰማሁት ፈተና ስፈትን ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በሩ ላይ ወጣ ብዬ አነሳሁት፤ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነበር። «ጌታቸው፣ ይታይሽ አረፈች» አለኝ። ተመልሼ ገባሁ፤ መቀመጥ ግን አቃተኝ። በተማሪዎቹ መደዳ መካከል ወዲያና ወዲህ ስል አንዷ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። የሚኮርጅ የማድን መስሏት ይሆናል። እኔ ሳላውቀው የይታይሽን አካሄድ እየሄድኩ ነበር፤ ሦስት አራት እርምጃ ፈጠን ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ መሬት መሬት እያዩ መመለስ።

እሷን ቁጭ ብላ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ስብሰባ ላይ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ ኃላፊው «ወንበር አለ እኮ» ሲላት «ይመችህ» ትለዋለች። ስታስተምር ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ ስለምትመላለስ የፊት ተማሪዎች አንገታቸውን ያማቸው ነበር። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ቢሮ ለዓመታት ተጋርቻለሁና የጫማዋን ድምፅ እየሰማሁ የቀኗን ሁኔታ መለየት ተምሬአለሁ። ፈጠን ካለ ስሌቱ እየሄደላት ነው። ከቆመ አንድ ነገር አልጣማትም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለእኔም አይጥመኝም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል።

የምትጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ሁልጊዜ ስለ ውሃ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ውጭ አገር ስትማር የደረሳት ትምህርት የኑክሌር ሪአክተር ማቀዝቀዣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ተምሮ እዚያው ይቀር ነበር፤ ይታይሽ ግን ደብረ ታቦር ተመልሳ የመካኒካል ምህንድስና መምህር ሆነች፤ ሦስተኛ ዲግሪዋንም እዚሁ ሆና እዚያው ከቀረው አማካሪዋ ጋር በኢሜይል ትሠራ ነበር። በከተማው ያልቀለደባት የለም። «የትኛው ሪአክተር ነው ደግሞ የሚቀዘቅዘው? ደብረ ታቦር ራሷ በርዳለች» ይሏት ነበር። እኔም ብያታለሁ። መልሷ አጭር ነበር፤ «ሪአክተር ባይኖርም ውሃ አለ።»

ነገሩን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንኳ እንዲገባቸው አድርጋ ትነግራቸው ነበር። ሪአክተር ውስጥ ነዳጁ እንዳይቀልጥ በቧንቧ ውሃ ይዞርበታል። ውሃው በኃይል ሲሄድ ይታመሳል፣ ይሽከረከራል፣ ሙቁና ቀዝቃዛው ይደባለቃል፤ ያንን ነውጥ ትለዋለች። ፍሰቱ ቀስ ሲል ግን ሙቁ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል፤ የሰነበተ ሊጥ ላይ እርሾው አናት አናቱን እንደሚይዘው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አርፎ አይቀመጥም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ብረቱም በዚያ ቦታ አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይበርዳል፣ ሲሳብና ሲኮማተር ውሎ ሲያድር ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ይታይሽ ሕይወቷን የሰጠችው ለዚያ ድንበር ነው። ምን ያህል ስስ ነው፣ ምን ያህል ይናወጣል፣ ኮምፒውተር ይህንን አስቀድሞ ሊነግረን ይችላል ወይ የሚል ነው ሥራዋ።

ኮምፒውተር እያንዳንዱን የውሃ ሽክርክሪት ልከተል ቢል ዕድሜ አይበቃውም። ስለዚህ ሰዎች አማካዩን ይይዙና ለቀረው ነውጥ አንድ ቁጥር ይሰጡታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሙቀቱ በደንብ ይደባለቃል፣ ዝቅ ሲል ተለያይቶ ይቀራል። የድብልቅ ቁጥር እንበለው። ትክክለኛው ስንት ነው የሚለው ላይ ዓለም ሁሉ ይከራከራል፤ ከክርክሩ አንዱ ጫፍ ደብረ ታቦር፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ቢሮአችን ውስጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ እሷ ኮሪደር ላይ ወጥታ ቀመሩን በቃሏ ትወጣዋለች፤ አባቷ ጉና ሥር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ስለሆኑ ይሁን በምን፣ እያንጎራጎረች ነው የምትወጣው። ጽዳት የሚሠሩት ሴቶች «የይታይሽ ማሕሌት» ይሉት ነበር።

እኔ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ሥዕል ይማርከኛል። ቀይና ሰማያዊ ተደራርቦ ሲወጣ ያምራል። «እየው እንዴት እንደወጣ» ስላት ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ታይና «ሥዕሉን ተወው፤ ውሃው ምን አለ?» ትለኛለች። ይህን ከመስማቴ ብዛት ሚስቴ ወጥ ጥሩ ሆኗል ስትለኝ «ምላሱ ምን አለ?» እስከ ማለት ደርሼ ተጣልተናል።

ውሃው ምን እንዳለ ለማወቅ የመስታወት ቦይ ሠራን። ገበያው አጠገብ የመስኮት መስታወት የሚገጥም ሰው ቤት ሄደን ረዥም ሳጥን አስቆረጥን፤ ሰውዬው የዓሣ ቤት መስሎት «ዓሣው ከየት ይመጣል?» እያለ ሲሠራ ዋለ። በአንድ በኩል ሙቅ ውሃ፣ በሌላ በኩል ቀዝቃዛ ይገባል፤ ሙቁን የስፌት አላላ ለማቅለም በሚገዛ ቀለም ቀይ አደረግነው። በቦዩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች ዘረጋን። ሽቦዎቹ በእርዳታ ከመጣ አንድ ትንሽ ሳጥን ጋር ይያያዛሉ፤ ሳጥኑ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል። ከመጀመሩ በፊት ግን መስተካከል አለበት። መመሪያው ቀላል ነው፤ ሽቦዎቹን በረዶ ውሃ ውስጥ ክተትና ቁልፉን ተጫን፣ ዜሮ ይላል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተትና ተጫን፣ መቶ ይላል። በረዶውን ከካፌ ለመንን፣ ውሃውን በምድጃ አፈላን፣ ሁለታችንም ቆመን እያየን ተጫንነው። መቶ አለ። ሥራችንን ጀመርን።

ውጤቱ ከኮምፒውተሩ ጋር አልገጠመም። ኮምፒውተሩ ቀዩ ውሃ ከላይ ተለይቶ ይተኛል፣ ድንበሩ ስስ ይሆናል ይላል፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ከተባለው በላይ ይደባለቃል። ደጋገምነው። በየጊዜው ያው ነው። ይታይሽ ኮሪደሩን ፈጀችው። በመጨረሻ የድብልቅ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ሞከረችው፤ የኮምፒውተሩ መስመር በልኬቱ ነጥቦች ላይ ልክ እንደተሰመረ ሄዶ ተኛ። እኔ አጨበጨብኩ። ከዚህ በፊት ዓለም ሲጠቀምበት የኖረው ቁጥር ትንሽ ነው ማለት ነው፤ አዲሱን ያገኘችው ደግሞ የጉናዋ ይታይሽ ነች። ጽሑፉ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ተላከ፤ ተቀባይነት አገኘ። ለሦስተኛ ዲግሪዋ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። አማካሪዋም ደስ ብሎት ጻፈላት፤ እሱ ባለበት አገር አንድ ያረጀ ሪአክተር አለ፣ ቧንቧው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን የሚያሰሉ ሰዎች ቁጥሯን ሊወስዱ ፈልገዋል አላት።

ክፍሉ በሙሉ ሻይ ጠጣ። ኃላፊያችን በግ እናርዳለን ብሎ ነበር፤ በኋላ ዋጋውን ሰምቶ ዝም አለ። ይታይሽ በዚያ ቀንም አልተቀመጠችም። በሁለት እጇ ብርጭቆውን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

«እንጃ» አለች። «በጣም ገጠመ።»

«መግጠሙ ነው ያስከፋሽ?»

«ቁጥሩን ያነሳሁት እንዲገጥም ብዬ ነው። ለምን መነሳት እንዳለበት ግን አላውቅም። ውሃው ለምን እንዲህ እንዳለ አልነገረኝም።»

ሰው እንዲህ ነው አልኩኝ በልቤ፤ እንጀራው ሲገኝለት ጨው አነሰው ይላል። ተናድጄባታለሁ። አሁንም ሳስበው ትንሽ እናደዳለሁ።

ከዚያ በኋላ በሁዳዴ ጾም የእናቷ ሙት ዓመት ደረሰና አብሬያት ጉና ሄድኩ። መኪናው ከጣለን በኋላ ሽቅብ በእግር ነው፤ ንፋሱ ጋቢን ይቀማል፣ ገብሱ ገና ከመሬት አልተላቀቀም፣ እኔ በየጥቂቱ ቆሜ አለከልካለሁ፣ እሷ እየተመለሰች ትጠብቀኛለች። መሪጌታ አያሌው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲናገር ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው የሚሰሙ አባት ናቸው። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ገና አልተቀመጡም፤ ለሙት ዓመቱ የተጣደው የባቄላ ንፍሮ አልበሰለም። ከይፋግ የመጡት የይታይሽ አክስት ወይዘሮ ደስታ ድስቱ አጠገብ ቆመው ያማርራሉ። ይፋግ ከጉና እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሞቃት ከተማ ነው።

«ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ ደስታ። «እኛ ዘንድ ንፍሮ ጥጄ፣ ገበያ ደርሼ ስመለስ ፈርሶ ይጠብቀኛል። እዚህ ከጠዋት የተጣደ ባቄላ እስካሁን ጥርስ ይሰብራል። ኧረ እንጨት ጨምሩበት።»

ይታይሽ ሳቀች። መምህርነቷ መጣባት። «እንጨቱ አይደለም አክስቴ፣ ከፍታው ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው ሳይሞቅ ቶሎ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨምሩበት ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላው ደግሞ የሚፈልገው ሙቀት ነው። ይፋግ ዝቅ ስለሚል ውሃው የበለጠ ሞቆ ነው የሚፈላው። ደብረ ታቦርም ከጉና ብዙ ይሻላል እንዳይሉ፣ እዚያም ቢሆን ውሃው ሲፈላ...» አለችና አፏ እንደተከፈተ ቀረች።

«ሲፈላ ምን?» አሉ አክስቷ።

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ገና አልጠፋም፣ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል።

«ጌታቸው» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ሳጥኑን ስናስተካክል ሽቦዎቹን ምን ውስጥ ነው የከተትናቸው?»

«የፈላ ውሃ ውስጥ ነዋ።»

«ምን አልነው?»

«መቶ።»

«የት ሆነን?»

ያኔ እኔም ገባኝ። በመቶ ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ውሃ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዘጠና አንድ ግድም ይፈላል። ይህን ሁለታችንም ለተማሪ እናስተምራለን፤ በፈተና እንጠይቃለን፤ የተሳሳተውን ቀይ እናሰምርበታለን። ግን በልጅነታችን ያየነው የፈላ ውሃ ሁሉ ያው የደጋ ውሃ ነው፤ እኛ ዘንድ የፈላ ውሃ በቃ የፈላ ውሃ ነው። መመሪያው መቶ ሲል ማንም አልጠረጠረም። ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች የሰው ልጅ ከባሕር በላይ እንዲህ ርቆ ይኖራል ብለው አላሰቡም። እኛ ደግሞ ርቀን እንደምንኖር ረሳን።

ይታይሽ ንፍሮውን ሳትቀምስ ወጥታ ከግቢው አጥር እስከ ቤቱ ደጃፍ ትመላለስ ጀመር። መሪጌታ ከበሩ ሆነው ያዩዋት ነበር።

በስሌት ማረም ይቻል ነበር። ስህተቱ ከታወቀ ወዲያ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። እሷ ግን እምቢ አለች፤ «ውሃው ራሱ ይንገረኝ» ብላ ሳጥኑን ከደብረ ታቦር በቦርሳ ይዛ ወደ ይፋግ ወረደች፤ እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ። ወረታ ላይ መኪና ቀየርን። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ በየፍተሻው ያ ሽቦ የተንጠለጠለበት ሳጥን ምንድር ነው እየተባለ ስንወርድና ስንወጣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሷ ግን የሰጋችው ሽቦው እንዳይበጠስ ብቻ ነበር።

ይፋግ እንደደረስን መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ጥዳለች።

«እህቴ፣ ውሃሽ ሲፈላ ይህቺን ሽቦ ላንዳፍታ ልክተትበት?» አለቻት ይታይሽ።

«ለምን?»

«እንድለካው።»

«ምኑን ትለኪዋለሽ? ሲፈላ በዓይንሽ አይታይሽም?» አለች ሴትዮዋ። ቢሆንም ክዳኑን አነሳችላት። ምናልባት እብድን እምቢ ማለት አይሆንም ብላ ይሆናል።

ውሃው ይንተከተካል። ሳጥኑ መቁጠር ጀመረ። ዘጠና አለፈ፣ መቶ ደረሰ፣ ከዚያም አልቆመም። መቶ ሦስት ላይ ሄዶ ቆመ። በክፍት ማንቆርቆሪያ፣ በይፋግ መንገድ ዳር፣ በመቶ ሦስት ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በምድር ላይ የለም። ይፋግ ላይ እውነተኛው ዘጠና አራት ግድም ነው። የቀረው የእኛ ነው፤ ከደብረ ታቦር ይዘነው የመጣነው።

ይታይሽ ያን ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እግሮቿን ዘርግታ፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሻይ ቀዳችላት፤ ሒሳቡንም አልቀበልም አለች።

እዚያው ተቀምጣ ነገሩን አፍታታችልኝ። ሳጥናችን ስልሳ ስድስት ሲል የነበረው ውሃ እውነቱ ስልሳ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የሰጠነው በሙቁና በቀዝቃዛው መካከል ያለ ልዩነት ከእውነተኛው የሰፋ ነው። ኮምፒውተሩም እንዲያ ከሆነ ይለያያሉ አለ፤ ልክ ነበር። ውሃው ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ተደባለቀ፤ እሱም ልክ ነበር። የተሳሳትነው በመካከል የቆምነው እኛ ነን። የድብልቅ ቁጥሩን ያነሳችው የእኛን ስህተት ለመሸፈን ሆኖ ቀረ።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ጽሑፉን አነሳዋለሁ።»

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ስንከራከር መጣን። እኔ የምለው ይህ ነበር፤ ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል፣ የትምህርት ጊዜሽ ሊያልቅ ነው፣ የገንዘብ ድጋፉም አብሮ ያልቃል። መጀመሪያ ተመረቂ። ዶክተር ከሆንሽ በኋላ ማስተካከያ ትጽፊበታለሽ። ስህተቱ ደግሞ ትንሽ ነው። ማን ያውቃል?

«ቧንቧው ያውቃል» አለችኝ።

«የትኛው ቧንቧ?»

«ያረጀው ሪአክተር ቧንቧ ነዋ። በእኔ ቁጥር ካሰሉ ውሃው በደንብ ይደባለቃል፣ ድንበሩ ለስላሳ ነው፣ ብረቱ አይደክምም ይላሉ። እውነቱ ግን ይደክማል። የእኔ ቁጥር ቧንቧውን ከሆነው በላይ ጤነኛ ያደርገዋል።»

«ለእነሱ ለብቻቸው ጻፊላቸዋ። ቁጥሩን አትውሰዱ በያቸው።»

«ምን ብዬ? ለመመረቂያ ይሆናል፣ ለቧንቧ አይሆንም ብዬ?»

ያም ሆኖ ትክክል ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሰው ለራሱም ይኑር እንጂ። የምሥራች ብለን ሻይ የጠጣንበትን ነገር በገዛ እጇ ስታፈርሰው ዝም ብዬ ማየት አቃተኝና መጨረሻ ላይ «አንቺ ስትባይ ደስታ አይስማማሽም» አልኳት። ተቀየመችኝ። ወደ ቢሮም አልመጣችም፤ ቅዳሜና እሑድን የት እንደዋለች ያኔ አላወቅሁም። ሰኞ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ቆማ ጻፈች፣ ላከችው። በቃ።

አማካሪዋ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ አመሰገናት፤ ምስጋናው ግን ድጋፉን አላስቀጠለውም። በራሷ ደመወዝ ልትጨርስ ተስማማች። ሳጥኑን በትክክል አስተካክለን ልኬቱን እንደገና ሠራነው። ውጤቱ ምን ሆነ? የድሮው የድብልቅ ቁጥር ልክ ሆኖ ተገኘ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ የማንም ስም የሌለበት ያው ቁጥር። ይህን ጽፋ ብትልከው አዲስ ነገር የለውም ብለው መለሱላት። እኔ እንደሆንኩ ያን ቀን መስታወቱን በድንጋይ እሰብረው ነበር። እሷ አንድ ሰዓት ያህል ተመላለሰችና «እንግዲህ ድንበሩን ራሱን እከተለዋለሁ» አለች። አማካዩን ትታ የነውጡን ትልልቅ ሽክርክሪቶች አንድ በአንድ የሚያሰላ ሥራ ጀመረች። በእኛ ኮምፒውተር፣ በእኛ መብራት። ስሌቱ ሳምንታት ሮጦ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜም ነበር፤ ያን ጊዜ ከአማካሪዋ ጋር ወራት ሳይገናኙ ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራዋን ስታቋርጥ አላየሁም። የኮሪደሩ ማሕሌትም አልቀረም።

ከጊዜ በኋላ ድምፁ እየሰለለ መጣ። ቆም ብላ ግድግዳ ትይዛለች። ደም አነሰሽ አሏት፤ ባሕር ዳር ስትሄድ የደም ካንሰር ነው አሏት። አዲስ አበባ ስትመላለስ ኮምፒውተሯን ይዛ ነበር። አንድ ቀን ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። መቀመጧን ሳይ የሆነውን ሁሉ አወቅሁት፤ ወጥቼ አለቀስኩ። ስሌቱ ግን አልቆ ነበር። ድንበሩ እንዴት እንደሚናወጥ፣ በየስንት ጊዜው ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ከመስታወቱ ልኬት ጋር ምንም ቁጥር ሳይነካ ገጠመ። የመመረቂያ ጽሑፏን ቆማ የምታቀርብበት ቀንም ተቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ አረፈች።

ቀብሩ ጉና፣ አባቷ በሚያገለግሉበት ደብር ነበር። በለቀስተኛው መካከል «ያ አቶሚክ ነው የጨረሳት» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ሪአክተር የሚባል ነገር በሕይወቷ አንዴ፣ እሱንም በተማሪነቷ፣ ከመስታወት ማዶ ሆና ነው ያየችው። ልናገር ብዬ ተውኩት።

የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍና እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን ረቂቁን አየና «ዶክተር የሚለውን አስገባበት» አለኝ። «ሥራውን ጨርሳው የለ እንዴ? የቀራት ቆሞ መናገር ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ማን ይከለክላታል?» እኔም ልቤ የፈለገው እሱኑ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ኮሪደር፣ ቢያንስ መቃብሯ ላይ ይከፈላት አልኩ። አስገባሁት።

ሥርዓተ ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ ከፊት ወጣሁ። «ዶክተር ይታይሽ አያሌው፣ ከአባቷ ከመሪጌታ...» ብዬ ስጀምር መሪጌታ ከተቀመጡበት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሁሉም ሰማ። «ዶክተር አልሆነችም።»

«አባ፣ ሥራውን ጨርሳው ነበር እኮ» አልኳቸው። «የቀራት...»

«አውቃለሁ። መጀመሪያም አግኝታው ነበር። ያን ጊዜ፣ የእናቷ ሙት ዓመት ባለፈ በሳምንቱ፣ ብቻዋን መጣችብኝ። ሁለት ቀን ስትመላለስ ዋለች። 'አባባ፣ የያዝኩት ልክ አይደለም፤ ከተውኩት ግን ማዕረጉ ይቀርብኛል፤ ልተወው?' አለችኝ። እኔ ስለ ሪአክተሩ ምን አውቃለሁ? 'ተይው' አልኳት።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ተይው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የተወችው በእኔ ቃል ነው። ዛሬ መናገር ሲያቅታት እኔው መልሼ ልለጥፍባት?»

ኃላፊያችን አንገቱን ደፋ።

«በስሟ ጥራልኝ» አሉኝና ተቀመጡ።

ብዕር አልያዝኩም ነበር፤ ዶክተር የምትለዋን ቃል በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት። «ይታይሽ አያሌው» አልኩ። ቀጣዩን መስመር በዓይኔ እየፈለግሁ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መሪጌታም ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው እስክቀጥል ይጠብቁኝ ነበር።